አራሷ ወፍና ሁለተኛ ፎቅ የተጋዘው ባሏ

እኔ ወፍ አልጠየቅሁም። መጀመሪያ ይህ ይታወቅልኝ። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ የደረሰብኝን ሁሉ የእጄን አገኘሁ ብዬ ዝም እል ነበር። ወፎቹ የመጡት የልጅ ልጄ ሊአት ሠራዊት የገባች ሰሞን ነው። በአንድ እጇ ትልቅ ቦርሳ፣ በሌላው የሽቦ ጎጆ አንጠልጥላ፣ አፉላ ከተማ ዳገቱ ላይ፣ ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ካለው ቤቴ አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከች ወጣች። ሕንፃችን ሊፍት የለውም።

«ሳቭታ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ» አለችኝ። እዚህ አገር የተወለዱት ልጆች አያታቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው።

«ምንድን ናቸው?»

«ፊንኮች። ባልና ሚስት ናቸው።»

ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጡም። ምንቃራቸው እንደ በርበሬ ቀይ ነው። ወንዱ ጉንጩ ላይ ብርቱካን የመሰለ ክብ አለው፤ ሴቷ ደግሞ ከእግር እስከ ራሷ አመድማ ናት፣ እንደ እኔ። የሚጮኹት እንደ ሕፃን መጫወቻ ጥሩንባ ነው፤ ሚፕ፣ ሚፕ። ሊአት ሜሌክና ማልካ፣ ንጉሥና ንግሥት ማለቷ ነው፣ ብላ ስም አውጥታላቸዋለች። እኔ ከዘውድ ጋር ጉዳይ ስለሌለኝ አቶና ወይዘሮ እላቸዋለሁ።

«ጫጩት ሲያወጡ ማየት እፈልጋለሁ» አለች ሊአት፤ «አንድም ትሁን፣ ሳቭታ። ስልክ ደውለሽ ትነግሪኛለሽ።»

እናቷ ስመኝ፣ የመጀመሪያ ልጄ፣ ናታንያ ነው የምትኖረው። ነገሩን እንደ ሰማች ደወለች።

«እማዬ፣ አንቺ ስለ ወፍ ምን ታውቂያለሽ? እዚህ ወፍ የሚያረባ ጎረቤት አለኝ፤ ለእሱ እንስጠው።»

«ዶሮ አርብቻለሁ።»

«ዶሮና ወፍ አንድ ነው?»

«ሁለቱም እንቁላል ይጥላሉ» አልሁና ዘጋሁት።

እውነቱን ለመናገር ቤቴ ጸጥ ያለ ነው። ጸጥታውንም አልጠላውም። ነገር ግን ጠዋት አንድ ነገር ሚፕ ሲል ሰው ከአልጋው የሚነሣበት ምክንያት ያገኛል። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ችግሩ ሌላ ነው። እኔ ቁጭ ማለት አልችልም። የጤና ጣቢያችን፣ የኩፓት ሆሊሟ፣ ሐኪም «እረፊ» ትለኛለች፤ እሺ ብዬ እወጣና በአውቶቡስ ፈንታ ዳገቱን በእግሬ እወጣዋለሁ። ቤት ውስጥም የታጠበውን እንደገና አጥባለሁ፣ የታጠፈውን ፈትቼ አጥፋለሁ። እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ እንቁላል ላይ የሚቀመጥ ፍጡር በአደራ የተሰጣት።

መጀመሪያ ከተማ ወርጄ ከወፍ ሻጩ ዘንድ ትንሽ ቅል የሚያክል፣ ከሣር የተጎነጎነ እንቁላል መጣያ ቤት ገዛሁ። «ትንሽ ደረቅ ሣር ስጫቸው» አለኝ። ትንሽ ማለት ምን ያህል እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ሣሩን ስሰጠው አቶ እየተጣደፈ አንድ በአንድ አስገባ። ታታሪ ወንድ ማየት ደስ ይላል፤ ጨመርሁለት። ሣሩ ሲያልቅ ከትራስ ጥጥ መዘዝሁለት። ጥጡ ሲያልቅ ከአሮጌ ነጠላዬ ጥለት ክር ተረተርሁለት። ወይዘሮ በመካከሉ ባቄላ የሚያክሉ አራት ነጫጭ እንቁላሎች ጣለች። እኔም ደስ ብሎኝ ለአራስ ቤቷ ማሟሟቂያ ይሁን ብዬ ሌላ ጥጥ ሰጠሁ።

በአሥረኛው ቀን አጮልቄ ሳይ እንቁላል የለም። አንድም የለም።

ትርንጎን ጠራኋት። ትርንጎ ሁለተኛ ፎቅ የምትኖር ያገሬ ልጅ ናት፤ ወገራ ውስጥ ከአንድ ምንጭ ነው የቀዳነው። ወገቧን ይዛ ጎጆውን ዞረችው።

«እባብ ነው» አለች።

«አራተኛ ፎቅ እባብ ከየት ይመጣል?»

«ምነው፣ እባብ ሊፍት ይፈልጋል?»

ያን ቀን አልጋዬን ገለበጥሁ፣ ፍሪጁን ከግድግዳ አላቀቅሁ። እባብ አላገኘሁም፤ ሁለት ዓመት የፈለግሁትን መቀስ አገኘሁ። በማግሥቱ መጣያ ቤቱን በፌስታል ይዤ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሻጩ ዘንድ ወረድሁ። ሰውየው እንደ ዳቦ ከፈለው። ሦስት ድርብ ነበር። አራቱም እንቁላሎች ከታችኛው ድርብ ሥር ተቀብረው ቀዝቅዘዋል።

«ግቬሬት» አለኝ፣ እመቤት ማለቱ ነው፣ «ቪላ ነው ያሠራሻቸው። ልጆቹ መሠረቱ ውስጥ ቀሩ። ወንዱ ሣር እስካገኘ ድረስ መሥራቱን አይተውም። እንቁላል ከተጣለ በኋላ አንድ ሰበዝ እንዳትሰጪው።»

ለሊአት ነገርኋት። «ምንም አይደለም» አለች። ይህ «ምንም አይደለም» የሚባለው ነገር ከስድብ ይከብዳል።

ሁለተኛዎቹ እንቁላሎች የተጣሉት ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ነው። ያገራችን አይሁድ ለፋሲካ ምን ያደርግ እንደነበር ለልጆቹ ስነግራቸው አያምኑኝም። ዓመቱን የተበላበትን የሸክላ ዕቃ ሰብረን ጥለን በአዲስ ነበር በዓሉን የምንገባ። እዚህ ሸክላም የለ፣ የሚሰበርም የለ፤ ግን እጄ ያን ሰሞን አሮጌ ዕቃ ሲያይ አይችልም። የቤቱን ሁሉ ስጨርስ የወፎቹ መጣያ ቤት ላይ ዓይኔ አረፈ። አድፏል። በዚያ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ሰጥቻቸው ስለነበር ውስጡ እርሾ ያለበት ነገር አይጠፋም። በሕጋችን በፋሲካ እርሾ ከቤት ይወጣል፤ ፋሲካ ደርሶ እርሾ ቤቴ ሊያድር ነው! አዲስ ገዛሁ፤ ሦስቱን እንቁላሎች በሻይ ማንኪያ አንሥቼ አዲሱ ውስጥ አስቀመጥሁ፤ አሮጌውን ከቆሻሻው ጋር አወረድሁት። ሥራዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አዲስ ቤት ሲሰጡት ማን እምቢ ይላል?

እነሱ እምቢ አሉ። አዲሱን አንድ ጊዜ እንኳ አላዩትም። አሮጌው ተሰቅሎበት የነበረውን ባዶ ሽቦ ሙጭጭ ብለው ይዘው ሚፕ ሚፕ ይላሉ። ስሕተቴ ገባኝና በነጠላ ጫማ ወደ ታች ሮጥሁ። የቆሻሻው መኪና ከበሩ እየተነሣ ነው። እጄን እያወዛወዝሁ ተከተልሁት። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ አለና እሱም እጁን አወዛውዞ «ሃግ ሳሜያህ!» ብሎኝ ሄደ። መልካም በዓል ማለቱ ነው። ምን ይበል።

በዚህ ጊዜ ስመኝ ቆረጠች።

«እማዬ፣ ይበቃል። ለሻቩኦት እኔና ሊአት ስንመጣ ይዘናቸው እንሄዳለን። ይኸው ነው።»

ሻቩኦት ከፋሲካ ሰባት ሳምንት በኋላ የሚውል በዓላችን ነው። ሊአት ከጦር ሰፈሯ ሆና ተከራከረች። «እማ፣ አንድ ዕድል ስጫት። እስከ ሻቩኦት አንድ ጫጩት ከወጣ ሳቭታ ጋ ይቆያሉ። ካልወጣ ናታንያ።» ስመኝ እሺ አለች፤ ጫጩት ይወጣል ብላ አልነበረም እሺ ያለችው። እኔ እንደሆንሁ ግድ የለኝም አልሁ። ግድ የለኝም ብዬ ስልኩን ዘግቼ ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጣሁ ወረድሁ።

ሦስተኛው ዙር አምስት እንቁላል ሆነ። ሣሩን አነሣሁ። መጥረጊያ አላስጠጋሁም። የዶሮ እንቁላል ቅርፊት ቀቅዬ፣ አድቅቄ፣ አጥንት ይሁናት ብዬ ለወይዘሮ አቀረብሁ። ሻጩ «አትንኪ፣ አትይ» ብሎኛል፤ አልነካሁም፣ ብዙም አላየሁም። ከዚህ በኋላ ምን ላጠፋ እችላለሁ?

አንድ ጠዋት ሰሐን እያጠብሁ ዞር ስል፣ አቶ ሰተት ብሎ መጣያ ቤቱ ገባ። እንቁላሎቹ ካሉበት! ትንሽ ቆይታ ወይዘሮ ወጣች፤ እሱ እዚያው ቀረ። አንገቱን ብቻ አውጥቶ፣ እንደ ባለርስት፣ ያየኛል። ደሜ ፈላ። አራስን ከመኝታዋ አስወጥቶ ይተኛል?

እዚህ ላይ ላልሰማ ሰው መንገር አለብኝ። በእኛ ወግ የወለደች ሴት ለብቻዋ የአራስ ጎጆ ትገባለች። ወንድ ከወለደች አርባ ቀን፣ ሴት ከወለደች ሰማንያ። ጎጆው ዙሪያውን በድንጋይ ይከበባል፤ ከድንጋዩ ወዲህ ባል አይደርስም። ምግቧን አምጥተው ከድንጋዩ አጠገብ ያኖሩላታል። እኔ ራሴ አሥረኛ ክፍል ድረስ ጎንደር ከተማ ተምሬ ስመኝን ስወልድ ሰማንያ ቀን እዚያ ተቀምጫለሁ። እዚህ አገር ከገባን በኋላ የመጨረሻ ልጄን ሆስፒታል ወልጄ በሦስተኛው ቀን ከባለቤቴ ጋር በአንድ ታክሲ ወደ ቤቴ ገብቻለሁ፤ ማንም ድንጋይ አልደረደረም። እኔ ለራሴ የተውሁትን ወግ በወፍ ላይ ለማጽናት ምን እንዳነሣሣኝ ዛሬም አላውቀውም። ደም ሲፈላ ትምህርት ይተናል መሰለኝ።

ትርንጎ መጥታ አየች። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እረ ነውር ነው! ባል አራስ ቤት!»

«ላስወጣው ነው» አልኋት። «አንች ጋ ይቀመጥ።»

«ስንት ቀን?»

«አርባ።»

«ሴት ከሆነችስ?»

«ሰማንያ።»

«ይህን ጥሩንባ ሰማንያ ቀን?» አለችና ትንሽ አሰበች። «ቆይ ግን፣ ወለደች የሚባል የቱ ጊዜ ነው? ስትጥል ነው ወይስ ሲፈለፈል?»

ይህን አላሰብሁበትም ነበር። ወንበር ስበን ተከራከርን። ትርንጎ ሲፈለፈል ነው አለች፤ እኔ ከሆዷ ከወጣ ወልዳለች አልሁ።

«ቄሱን እንጠይቅ?»

«ለዚህ ቄስ አናስቸግርም» አልሁ። ቢጠየቁ ኖሮ ምን ይሉን እንደነበር አሁን ሳስበው ያልጠየቅናቸው ደግ ሆነ።

አቶን በጨርቅ ይዤ ቅርጫት ውስጥ ጨመርሁት፤ ላዩ ላይ ወንፊት ደፋንበት። ትርንጎ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን አወረድነው። ሁለት አሮጊቶች በወንፊት የተከደነ ቅርጫት ይዘው ሲሄዱ ያየ ሰው ቆሎ ይመስለዋል።

ወደ ቤቴ ወጥቼ ገና በሩን ሳልዘጋ ከታች «ሚፕ» አለ። ከላይ ወይዘሮ «ሚፕ» አለች። ከእንቁላሎቿ ላይ ተነሥታ ወጣች፤ በበሩ ትይዩ ያለው ሽቦ ላይ ቆመች። ደግሞ ከታች ሚፕ። ደግሞ ከላይ ሚፕ። ወርጄ ቅርጫቱ ላይ ፎጣ ደረብሁበት፤ ከፎጣው ሥር ሚፕ። ወጥቼ የቤቴን በር በብርድ ልብስ ጋረድሁት፤ ሚፕ። ሬዲዮ ከፈትሁ፤ ከሬዲዮው በላይ ጮኸች። ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አራተኛ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ስንት ጊዜ እንደተመላለስሁ ጉልበቴ ይመስክር። ወጥቼ «ቁጭ በይ» እላታለሁ፤ ወርጄ «ዝም በል» እለዋለሁ። ሁለቱም አማርኛ አያውቁም።

በአንዱ ምልልስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በር ተከፈተ። ያሻ ነው፣ ከሩስያ የመጣ ሽማግሌ፣ ጭልፋ እንደያዘ።

«ጎረቤት፣ ከላይም ሚፕ፣ ከታችም ሚፕ። እኔ መሐል ነኝ። ወይ አገናኟቸው ወይ ሁለቱንም እኔ ጋ አምጧቸው፤ ቢያንስ ከአንድ በኩል ይምጣብኝ።»

ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ደክሞኝ ነበርና ከጎጆው ፊት ለፊት ተቀመጥሁ። ከጠዋት ጀምሮ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ወይዘሮ እንደቆመች ናት። ትጠራለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ታዳምጣለች፣ መልስ ሲመጣላት ትንሽ ትረጋለች፣ ደግሞ ትጠራለች።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያኔ በአራስ ጎጆዬ ሳለሁ ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ከድንጋዩ ውጭ መጥቶ ይቆም ነበር። አይናገርም፤ ሰው አለ፣ ነውር ነው። ያስላል። እህ እህ። እኔም ከውስጥ አስላለሁ። ከዚያ ወደ እርሻው ይሄዳል። ሰማንያ ቀን ተሳሳልን።

እኔ ግን ያኔ ልጄን ታቅፌ እስከ ድንጋዩ መድረስ እችል ነበር። ይቺ እንቁላሏን ታቅፋ የትም አትደርስም። ወደ ድምፁ ስትሄድ እነሱ ይቀዘቅዛሉ።

ተነሣሁ።

ቅርጫቱን ከትርንጎ ቤት ስቀበል እጄን አላመንሁትም፤ ልክም ነበርሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወንፊቱ ሸርተት አለና አቶ ፍትልክ ብሎ ወጣ። ትርንጎ ከኋላ ጮኸች፤ ነጠላዋን ገፍፋ እንደ መረብ ወረወረችው፤ ነጠላው በሩን ከፍቶ ብቅ ባለው በያሻ ራስ ላይ አረፈ። ወፉ አምፖሉን ዞሮ፣ ግድግዳ ነክቶ፣ የደረጃው መስኮት ላይ አረፈ። መስኮቱ እኩሌታው ክፍት ነው። ከመስኮቱ ውጭ አፉላ በሙሉ፣ ከአፉላ ወዲያ ሜዳው በሙሉ አለ። አንድ እርምጃ ወደዚያ ቢል ናታንያም የለ፣ ጊቫት ሃሞሬም የለ።

«ማንም አይነቃነቅ» አልሁ። እንዲህ ያልሁት እኔ ነኝ፤ ሕይወቴን ሙሉ ያልተቀመጥሁት።

ቀስ ብዬ አለፍሁት። ቤቴ ገብቼ የወይዘሮን ጎጆ ከነመስቀያው አውርጄ ደረጃው አፍ ላይ አስቀመጥሁና ጎኑ ቆምሁ። ምንም የለም። ወፏ አትጠራም። ያሻ ነጠላውን ከራሱ ላይ ለማንሣት እንኳ ፈርቶ እንደ ሙሽራ ቆሟል።

ምን ላድርግ፤ ጭንቅ ሲለኝ ሳልሁ። እህ እህ።

ወይዘሮ «ሚፕ» አለች። አቶ ከመስኮቱ ተነሥቶ በራሳችን ላይ አልፎ ጎጆው ላይ አረፈ። ትንሿን በር ከፈትሁለት። ገባ። ሚስቱን እንኳ በወጉ ሰላም አላላትም፤ ቀጥ ብሎ መጣያ ቤቱ ገብቶ እንቁላሎቹ ላይ ተቀመጠ። እሷ ደግሞ ወርዳ ከጠዋት ጀምሮ ያልቀመሰችውን ማሽላ ትለቅም ጀመር።

እንዲያ ነው ለካ። እያስወጣት አልነበረም። ተራው ነበር። እኔ እኮ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ጡረታ እስክወጣ በፈረቃ የሠራሁ ሴት ነኝ። አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ ስንት ዓመት አይቻለሁ። ፈረቃ የቀየረ ባል ይዤ ነው ያጋዝሁት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ከቤት የምወጣበትን ሰበብ ስፈልግ ከረምሁ፤ ቤት ከሆንሁ አያለሁ፣ ካየሁ እነካለሁ። ጉዳይ ሳይኖረኝ በአውቶቡስ አፉላ ኢሊት ደርሼ ተመልሻለሁ። ትርንጎ «ሞቀ? ቀዘቀዘ?» ትለኛለች፤ «አላየሁም» እላለሁ። እንቁላሎቹ ያን ግማሽ ቀን ብቻቸውን ውለዋል፤ የሞተ የለም የሚል ሰው ቢገኝ ውሸቱን ነው። ለሊአት በስልክ «ደኅና ናቸው» አልኋት። ይህም ውሸት ነበር፤ አላውቅማ።

የሻቩኦት ዋዜማ ጠዋት ወለሉን ስወለውል ከመጣያ ቤቱ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ክር ሲበጠስ የሚያሰማው ያህል። መወልወያውን ጣልሁ። አላየሁም። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁና ስመኝና ሊአት በሩን እስኪመቱ ድረስ ከዚያ አልተነሣሁም። ከአምስቱ አንዱ ነበር የተፈለፈለው። አንድ፣ ራቁቱን፣ ምስር የሚያክል ራስ ያለው፣ መልከ ጥፉ ነገር።

ሊአት የወታደር ልብሷን ሳታወልቅ ተንበረከከች። አቶ ጫጩቱ ላይ ተቀምጧል።

«ሳቭታ፣ አባትየው ነው የሚያቅፈው!»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኋት፤ ቅርጫቱን፣ ወንፊቱን፣ የያሻን ነጠላ። እየሳቀች መሬት ተቀመጠች። ቀጥላ ግን ስለ አራስ ጎጆው ጠየቀችኝ።

«ሰማንያ ቀን? ብቻሽን?»

«ሴቶች ይመጡ ነበር።»

«ሳባስ?» አያቷን ማለቷ ነው፤ «አንድ ቀን እንኳ አልመጣም?»

«ከድንጋዩ ውጭ ቆሞ ያስል ነበር።»

«ለምን? ታሞ ነው?»

«ጉንፋን ነው።»

«ሰማንያ ቀን ጉንፋን?»

«ረጅም ጉንፋን ነበር» አልሁና ሻይ ልጥድ ተነሣሁ።

በዓሉ አለፈ፤ ስመኝ የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች። ውሉን አልረሳችም፤ ግን ልጄ ናት፣ ክርክር ከየት እንዳመጣች አውቃለሁ።

«እማዬ፣ አንድ ወጣ፤ እሺ። እንዲያውም ለዚህ አንድ ሲባል ከሚያውቅ ሰው ዘንድ ቢሆን ይሻላል። ሦስቱንም ይዘን እንሂድ።»

ጨርቅ አንሥቼ የተወለወለውን ጠረጴዛ መወልወል ጀመርሁ። ሊአት ቦርሳዋን መሬት ጣለችና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣

«እማ፣ አይሆንም» አለች። «ወፍ አራስ ነው። አራስ ከቤት አይወጣም። አርባ ቀን።»

«ማን ነገረሽ?»

«አንቺ ስትወለጂ፣ ሰማንያ ቀን ወጣሽ? አልወጣሽም።»

ስመኝ እኔን አየችኝ። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ።

«ወንድ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አለች ስመኝ በመጨረሻ፣ ቁልፉን ወደ ኪሷ እየመለሰች።

ይህ እንኳ ተገቢ ጥያቄ ነው። በማግሥቱ ከተማ ወርጄ ሻጩን ጠየቅሁት። የጉንጩ ቀለም እስኪወጣ ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም አለኝ፤ ሁለት ወር ግድም መጠበቅ ነው።

ለጥንቃቄ ሰማንያ ይዘናል።